አንድ ደም፣ ሁለት ውሃ

«ጋሼ፣ ጉፒዎቹ እንኳ ተመስገን ደኅና ናቸው። አሁን ደግሞ ልጄ ኒሞን ካላመጣሽልኝ ብሎ ቁም ስቅሌን እያሳየኝ ነው። ከነሱ ጋር ባኖረው ምን ይላሉ?»

ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ተጠያቂው ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ባዮሎጂ ያስተማሯት፣ ዛሬ በጡረታ ያሉ መምህር ናቸው። ዓሣ ማሳደግ የቆየ ፍቅራቸው ነው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ከሶፋው ይበልጥ ቦታ የያዘው አኳሪየም ነው። ዓሣ የገዛ የሰፈር ሰው ሁሉ ሲቸግረው ወደ እሳቸው ይመጣል። ብዙዎቹ ግን የሚመጡት ዓሣው ከሞተ በኋላ ስለሆነ፣ እሷ ከመግዛቷ በፊት መጥታ መጠየቋ ደስ አሰኝቷቸዋል።

«ኒሞ የምትይው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ፊልም ላይ ያለው፣ ብርቱካናማ ሆኖ ነጭ ዝንጉርጉር ያለበት ከሆነ ክላውንፊሽ ነው። የባሕር ዓሣ ነው። ጉፒ ደግሞ የወንዝና የኩሬ ዓሣ ነው፤ አገሩ ትሪኒዳድና ከሷ ፊት ለፊት ያለው የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል። አንድ ላይ ብታኖሪያቸው ኒሞሽ ውሎ አያድርም።»

«ቀስ በቀስ ቢለማመድስ? ትንሽዬ ዓሣ እኮ ነው።»

«ወደ ትንሽነቱ እንመለሳለን። መጀመሪያ ከሙያሽ ልነሣ። ለበሽተኛ የምትሰቅዪው ኖርማል ሳላይን በሊትር ስንት ግራም ጨው አለው?»

«9 ግራም።»

«ለምን 9 ሆነ? ምንም ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ በደም ሥር ብትሰጪ ምን ይመጣል?»

«ቀይ የደም ሕዋሳቱ ውሃ እየሳቡ ያብጡና ይፈነዳሉ።»

«35 ግራም ጨው ያለበትንስ?»

«ያኔ ተቃራኒው ይሆናል። ሕዋሳቱ ውሃቸውን ያጡና ይጨማደዳሉ። ለዚህ እኮ ነው ጠንካራ ሳላይን ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ክትትል የማይሰጠው።»

«በቃ፣ የዓሣውን ነገር ራስሽ ጨረስሽው። የጉፒም ሆነ የክላውንፊሽ ደም ጨውነቱ ከኛ ደም፣ አንቺም ከምትሰቅዪው ሳላይን ብዙ አይርቅም፤ የባሕሩ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የተራራቀው ውጭ ያለው ውሃ ነው። የወንዝ ውሃ ብዙውን ጊዜ በሊትር ግማሽ ግራም ጨው እንኳ የለውም። የባሕር ውሃ ግን በአማካይ 35 ግራም አለው፤ ቀይ ባሕር እንዲያውም ወደ 40 ይጠጋል።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የባሕር ዓሣ ሰውነቱ እንደ ባሕሩ ጨዋማ፣ የወንዝ ዓሣ ደግሞ እንደ ወንዙ ጨው የሌለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በየውሃቸው ያለ ድካም በኖሩ ነበር። እውነቱ ግን ደማቸው በሁለቱ ውሃዎች መካከል ያለ መሆኑ ነው። ውሃ ደግሞ ስስ ሽፋን ባለበት ሁሉ ጨው ካነሰበት ወደ በዛበት ያልፋል፤ ተማሪ ሁሉ ኦስሞሲስ እያለ የሚሸመድደው ይኸው ነው። ከዓሣ ጭንቅላት ግራና ቀኝ፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ቀይ መተንፈሻ ኦክስጅን እንዲያስገባ እጅግ ስስ ሆኖ ተፈጥሯል። ኦክስጅን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ውሃና ጨውንም ማሳለፉ አይቀርም።

ስለዚህ ጉፒ ሌት ተቀን ውሃ ይገባበታል። ውሃ መጠጣት አያስፈልገውም፤ ሥራው የገባውን ማውጣት ነው። ኩላሊቱ ብዙና ቀጭን ሽንት ያመነጫል፤ ከሽንቱ ጋር የሚያመልጠውን ጨው ደግሞ መተንፈሻው ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ከውሃው ውስጥ አንድ በአንድ እየለቀሙ ይተካሉ። የጎልድፊሽ የቀን ሽንት የራሱን ክብደት ሲሶ ያህል ይሆናል ሲባል የሥራው ክብደት ይታያል። ክላውንፊሽ ተቃራኒ ነው። ውሃ መካከል እየኖረ ይጠማዋል፤ ያለው ውሃ በመተንፈሻው በኩል ወደ ባሕሩ እየወጣ ያልቅበታል። ስለዚህ የባሕሩን ውሃ ይጠጣል።

ነርሷ ይህን ስትሰማ ዝም አላለችም። «ጋሼ፣ ይሄ አልገባኝም። ሰው የባሕር ውሃ ቢጠጣ ጥሙ ይብስበታል። ኩላሊታችን ከባሕር የሚጠነክር ሽንት መሥራት አይችልማ! ዓሣው ታዲያ ጠጥቶ እንዴት ይድናል?»

«ሳይንቲስቶቹንም ያስጨነቀው ይኸው ጥያቄ ነበር» አሉ መምህሩ። «እ.ኤ.አ. በ1930 ሆመር ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ የኩላሊት ተመራማሪ ዓሦችን ቀለም በተጨመረበት የባሕር ውሃ ውስጥ አኑሮ፣ ቀለሙን አንጀታቸው ውስጥ ተጠራቅሞ አገኘው። በእርግጥ ይጠጣሉ ማለት ነው። ሽንታቸውን ሲመረምር ግን ጥቂት ነው፤ ከደማቸውም የበለጠ ጨው የለበትም። ታዲያ ጨው የት ሄደ? በመተንፈሻው በኩል ሳይወጣ አይቀርም አለ። በዓመቱ አንሴል ኪስ፣ እባብ ከሚመስለው ኢል ከሚባለው ዓሣ ልብና መተንፈሻ ለይቶ አወጣና እንደተባለው መሆኑን አሳየ። መተንፈሻው ጨውን ከደም እየለቀመ ወደ ባሕሩ ይገፋል። አንሴል ኪስን በሌላ ሥራው ሳትሰሚው አትቀሪም፤ በኋላ ስለ ስብና ስለ ልብ ሕመም ሲያጠና የኖረው ሰውዬ ነው።»

«ይሄማ የምግብ ትምህርት ላይ አለ! መነሻው ዓሣ መሆኑን ግን ማንም አልነገረን።»

«አሁን ነገሩን አስቢው። የጉፒ መተንፈሻ ጨው ወደ ውስጥ ይስባል፤ የክላውንፊሽ መተንፈሻ ጨው ወደ ውጭ ይገፋል። የጉፒ ኩላሊት ውሃ ይጥላል፤ የክላውንፊሽ ኩላሊት ውሃ ይቆጥባል። ክላውንፊሹን ወንዝ ውሃ ውስጥ ስትጨምሪው፣ ጨው ማውጣት የለመደ ሰውነት ጨው በሌለበት ገብቶ ያለችውን ያጣል፤ በላዩ ላይ ውሃ ይሞላበታል። ያልሽው የሕዋስ ማበጥ በሙሉ ሰውነቱ ላይ ይደርሳል። ትንሽነቱ ደግሞ ያብስበታል፤ ሰውነት ባነሰ ቁጥር ከክብደቱ አንጻር ውሃ የሚነካው ገላ ይበዛል። አንድ ኪሎ የሚመዝን የጣና ቆሮሶ ለጥቂት ጊዜ የሚቋቋመውን መዛባት፣ አንድ ግራም የማይሞላው ኒዮን ቴትራ የሚባለው የወንዝ ዓሣ አይቋቋመውም።»

ገበያ ላይ «ትንሽ ዓሣ ትንሽ ዕቃ ይበቃዋል» ይባላል። ከዚህ የበለጠ ዓሣ የገደለ አባባል ያለ አይመስልም። ውሃ ባነሰ መጠን በአንድ ቀን ብቻ ይቆሽሻል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይተናል፤ ትንሹ ዓሣ ደግሞ ለውጡን ለመቋቋም አቅሙ ከሁሉ ያነሰ ነው። የውስኪ ብርጭቆ በሚያህል ዕቃ ዓሣ የሚሸጡም የሚገዙም ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

«ሁለቱንም ውሃ የሚችል ዓሣ ግን የለም እንዴ?» አለች ነርሷ።

«ሞልቷል። አንዱን እዚሁ ከተማ ታገኚዋለሽ፤ ሞሊ ይባላል። በመካከለኛው አሜሪካና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከወንዝ እስከ ባሕር የሚኖሩ የሞሊ ዓይነቶች አሉ። በቀናት ውስጥ ጨዉን እየጨመርሽ ብትሄጂ፣ መተንፈሻው ላይ ያሉት ሕዋሳት ሥራቸውን ይቀይራሉ፤ ሲስቡ የነበሩት መግፋት ይጀምራሉ። በአንድ ሰዓት ብታደርጊው ግን እሱም ይሞታል። በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ያለው ፈንዱለስ የሚባለው ትንሽ ዓሣማ ከጨው አልባ ውሃ ተነሥቶ ከባሕር እጥፍ በሚበልጥ ጨው ውስጥ እስከመኖር ይደርሳል። ጠንካራነቱን አይተው ነው መሰለኝ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ስካይላብ የጠፈር ጣቢያ የወሰዱት፤ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው ዓሣ እሱ ነው።»

መምህሩ አሜሪካ ድረስ መሄዳቸው ልማድ ሆኖባቸው እንጂ የዚህ ዓሣ ዘመድ አፋር ውስጥ አለ። ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ፣ ከባሕር በብዙ የሚበልጥ ጨው ባለበት ውሃ ዳርና ወደ ሐይቁ በሚፈሱት ፍል ውሃዎች ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ተመራማሪ በአበበ ጌታሁንና በባልደረባው በላዛራ ለሳይንስ የተገለጸው ኪሊፊሽ ነው። ሌላው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባለው የቆሮሶ ዘመድ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ደንከልን ካቋረጠው ጣሊያናዊ አሳሽ ከባሮን ፍራንኬቲ ነው። ኪሊፊሹም ቆሮሶ መሰሉም ከአፍዴራ ውጭ በዓለም ላይ የትም አልተገኙም።

የኪሊፊሹ ሌላ ዘመድ ደግሞ ሰው ጠቅሟል። አፋኒየስ ዲስፓር የሚባለው፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖር ጣት የሚያህል ዓሣ፣ በወደብ ከተማዋ አሰብ በጉድጓዶች፣ በውሃ ማጠራቀሚያዎችና በበርሜሎች ውስጥ እየተጨመረ የወባ ትንኝ እጮችን እንዲበላ ተደርጓል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1992 በሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ዓሣው ለዚህ የተመቸው ከጨዋማው ዳርቻ አንስቶ እስከ መጠጥ ውሃ ጉድጓድ ድረስ መኖር ስለሚችል ነው።

«የአፍዴራውን ታዲያ ለምን አናሳድገውም?» ስትል ነርሷ ጠየቀች።

«ያንን ተዪው!» አሉ መምህሩ ቆጣ ብለው። «በዓለም ላይ አንድ ቤት ብቻ ያለውን ፍጡር ለሳሎን ጌጥ ብለን ከቤቱ አናወጣውም። እዚያው ይጠበቅ፤ ተመራማሪ ያጥናው።»

«እሺ፣ ዓሣው ይቅር። ጨዉን ግን ከአፍዴራ ነው የምንበላው። እሱን በጥብጬ ለኒሞ ባሕር ልሠራለትስ?»

መምህሩ ሳቁ፤ ጥያቄዋን ግን በቁም ነገር ነው የመለሱት። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ አዮዲን ይጨመርበታል። ባሕር ውስጥ ከሚገኘው ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ 85 ከመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ቀሪው ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ወደ 400 ሚሊግራም ካልሲየምና ወደ 1,300 ሚሊግራም ማግኒዚየም አለው። የክላውንፊሽ ሰውነት የለመደው ይህንን ድብልቅ ነው፤ በአካባቢው የሚኖሩ ሌሎች የባሕር ፍጥረታት፣ በተለይ ኮራሎች፣ ያለ ካልሲየም አይቆሙም።

«ይህን ያወቁት ቀደም ብለው ነው» አሉ። «እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1854 ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ አሠራር ሲያሳትም፣ ከተራው ጨው ጋር ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ማግኒዚየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ አስገብቶበታል። ዛሬ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው በከረጢትና በባልዲ ይሸጣል። እሱን ነው በልክ የምትበጠብጪው። ልኩን ደግሞ በዓይን አትገምቺም፤ ሪፍራክቶሜትር የሚባል መለኪያ አለ፤ ጠብታ ታደርጊበትና ወደ ብርሃን አቅንተሽ ታያለሽ።»

«አንድ ጊዜ ከለካሁት በኋላ ያው ነው አይደል?»

«እንዲያውም! ያንቺ ማሳደጊያ ስንት ሊትር ነው?»

«40 ሊትር።»

«እንግዲህ 40 ሊትር በ35 ግራም ስታባዢ 1,400 ግራም ጨው ሆነ። የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ማሳደጊያሽ ደግሞ 26 ዲግሪ ሞቆ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ይተናል። 4 ሊትር ተነነ እንበል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። 1,400 ግራሙ በ36 ሊትር ውስጥ ሲሆን በሊትር ወደ 39 ግራም ደረሰ። አንቺ ደግሞ የጎደለውን በጨው ውሃ ብትሞዪው 140 ግራም ጨመርሽበት ማለት ነው። እንዲህ አሥር ጊዜ ብታደርጊ ውሃው የባሕርን እጥፍ ይሆናል። የተነነውን የምትተኪው ጨው በሌለበት ውሃ ነው። የባሕር ዓሣ ጀማሪዎችን የሚያሳስታቸው አንዱ ትልቁ ነገር ይህ ነው። የጉፒ ባለቤት ይህ ጭንቀት የለበትም።»

ነርሷ ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን ከጨው ይልቅ ስለ ቆሻሻ ነው፤ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ቢያንስ ይህን ክፍል ሊያነብ ይገባል።

ዓሣ ከምግቡ የሚቀረውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በመተንፈሻው በኩል አሞኒያ አድርጎ ያወጣዋል። በወንዝ ይወሰዳል፤ በባሕር ይበተናል፤ በ40 ሊትር ዕቃ ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ማጣሪያው ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትሬት ከሦስቱ ጉዳቱ ያነሰው ነው፤ እየቆየ የሚበዛውን የሳምንት ውሃ መለወጥ ይቀንሰዋል። ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። አዲስ ዕቃ ገዝቶ በዚያው ቀን ዓሣ የሚጨምር ሰው ዓሣውን በራሱ ቆሻሻ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

«በዚህ ላይስ ባሕርና ወንዝ ይለያያሉ?» ስትል ጠየቀች።

«በጣም። አሞኒያ መርዝነቱ በውሃው ፒኤች፣ ማለትም በአሲድነቱ ልክ፣ ይወሰናል። ፒኤች 7 ሲሆን፣ ካለው አሞኒያ መርዛማ በሆነው መልኩ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የባሕር ማሳደጊያ ፒኤች 8.2 አካባቢ ነው፤ እዚያ መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። አንድ ዓይነት ቆሻሻ ጉፒን ሲያሳምም ክላውንፊሽን ይገድላል። ናይትራይት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል።»

«እንዴት?»

«የወንዝ ዓሣ ጨውን፣ ክሎራይዱንም ጭምር፣ ከውሃ ይለቅማል ብለን ነበር። ናይትራይትም በዚያው በር ሾልኮ ይገባል። ደሙ ውስጥ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አንቺ ንገሪኝ።»

«ሜትሄሞግሎቢን!» አለች ነርሷ። «ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ሕፃናት ላይ ናይትሬት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የሚያመጣው ነው፤ ደማቸው የቡና ቀለም ይይዛል።»

«ዓሣም እንዲያው ነው። አየር እየነፋሽለት ይታፈናል። ባሕር ውስጥ ግን ክሎራይድ ስለበዛ ናይትራይት በሩን አያገኝም። ለዚህ ነው የወንዝ ዓሣ በናይትራይት ሲታመም በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው የሚጨመርለት። ሰው ይህን ያያል፤ ከዚያ ጨው ለሁሉም ዓሣ መድኃኒት ነው ብሎ በየሳምንቱ ይነሰንሳል። ጨው በሽታው ሲታወቅ የሚሰጥ ነገር ነው፤ በተለይ ኒዮን ቴትራ ለዘለቄታው አይወደውም።»

ውይይቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መምህሩ ድምፃቸው ዝግ አለ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ጨው አልባ ውሃ በሊትር ከ8 ሚሊግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን ይይዛል፤ የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ከ7 በታች ነው። ሁለቱንም ወደ አዲስ አበባ ስናወጣቸው አንድ አራተኛቸውን ያጣሉ። ክላውንፊሽ እዚህ ሲመጣ በጨውም በከፍታም ይቀነስበታል ማለት ነው። አየር የሚነፋ ፓምፕ በየትኛውም ከተማ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ለአፍታ መቆም የለበትም።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለች። ጥያቄውን ያልጠበቀ አንባቢ የለም።

«የባትሪ ፓምፕ ግዢ። ዕቃውን ጋቢ አልብሺው፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ምግብ አትስጪ። ፓምፕ ከሌለሽ ውሃውን በንጹሕ ማሰሮ እየቀዳሽ ከከፍታ አፍስሺበት፤ አየር ይዞ ይገባል። ይሄ የድሃ ዘዴ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የምትባል እንግሊዛዊት ከቶርኪ ባሕር ዳርቻ ኮራል ይዛ ለንደን ገባች። ፓምፕ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ። ሠራተኛዋ በየቀኑ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ክፍት መስኮት ሥር ቆማ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ታገላብጥ ነበር። ኮራሎቹ ኖሩ። ባሕርን በቤት የማኖር ነገር አንዱ መነሻው የዚያች ስሟ ያልተመዘገበ ሠራተኛ ክንድ ነው።»

የሴትዮዋ ስም ተጽፎ የሠራተኛዋ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ሥራውን የሠራችው እሷ ናትና።

«እንግዲያው በጉፒዎቼ ልጽና» አለች ነርሷ። «ወንዝ ውሃ ቢያንስ አንድ ነው፤ ቧንቧ ከፍቼ መሙላት ነው።»

«አንድ አይደለም፤ ልጄ። በብራዚል ሪዮ ኔግሮ የሚኖረው ካርዲናል ቴትራ ውሃው ማዕድን የለሽ ሊባል የሚችል፣ ፒኤቹ ከ5 በታች የሚወርድ ነው። በታንጋኒካ ሐይቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩት ትንንሽ ዓሦች ደግሞ ፒኤቹ 9 የሚጠጋ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ነው የሚፈልጉት። ሁለቱም ሱቅ ውስጥ የወንዝ ዓሣ ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኬንያ ውስጥ ማጋዲ ሐይቅ ያለው ቆሮሶ መሰል እንዲያውም ፒኤቹ 10 በሆነ ውሃ ስለሚኖር አሞኒያን በዚያ ውሃ ማውጣት አይችልም፤ እንደ ሰው ዩሪያ ያወጣል። የኛም ቧንቧ አንድ አይደለም። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ የግድብ ውሃ ናቸው፤ አቃቂ የጉድጓድ ነው፤ የጉድጓዱ ማዕድኑ ይበዛል። የትኛው እንደሚደርስሽ ሰፈርሽ ይወስነዋል። ጉፒ ማዕድን ያለበትን ይወዳል፤ ኒዮን ለስላሳውን።»

«ክሎሪኑስ?»

«ክሎሪን መተንፈሻውን ያቃጥላል፤ ባክቴሪያውንም ይገድላል። ውሃውን አየር እየነፋሽበት አሳድሪው፤ ወይም ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበትን የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሪበት። ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ ክሎሪኑ ይቀንሳል፤ ፈረቃ ደርሶ ገና የመጣውን ግን አትመኚው።»

በመጨረሻ ስለ ኒሞ ቁርጥ ያለ መልስ ፈለገች። መምህሩ ክላውንፊሽ ከባሕር ዓሦች መካከል በሰው እጅ በደንብ ከሚራቡት አንዱ መሆኑን ነገሯት። ከወንዝ ዓሦች ለሽያጭ የሚቀርቡት አብዛኞቹ በእርባታ የተገኙ ናቸው፤ የባሕሮቹ ግን አብዛኞቹ ከኮራል ሪፍ የተያዙ ናቸው። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ሲያናይድ እየተረጨ ዓሣ ሲያዝ ኖሯል፤ መርዙ ዓሣውን አደንዝዞ ኮራሉን ይገድላል። የኒሞ ዘመድ የሆነ ባለ ሁለት ነጭ መስመር ክላውንፊሽ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ይኖራል፤ ከዚያ አጥምዶ ማምጣትም ቀላል ይመስላል። መምህሩ አልተስማሙም።

«የተራባ ክላውንፊሽ ካገኘሽ፣ ቢያንስ 100 ሊትር ዕቃ ከገዛሽ፣ መለኪያውን ከያዝሽ፣ ለመብራቱ ዝግጁ ከሆንሽ፣ ዕቃውን ከአንድ ወር በላይ ያለ ዓሣ ካሠራሽ፣ ያኔ አምጪው። ካልሆነ ለልጁ ሞሊ ግዢለት። ብርቱካናማም አለ። ያው ጉፒዎችሽ ጋር ይኖራል፤ የሚያስፈልገው የተሻለ ሰፊ ዕቃ ብቻ ነው።»

ነርሷ ሞሊውን መረጠች። ልጁ ብርቱካናማ መሆኑን ሲሰማ ይስማማል ብላ ታምናለች።

የዓሣ ሱቅ ባለቤቶች አንድ ነገር ብታደርጉ ብዙ ዓሣ ይተርፋል። በየዕቃው ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የዓሣውን ዓይነት፣ ከእርባታ ወይስ ከባሕር እንደመጣ፣ የሚኖርበትን ውሃ ጨውና ፒኤች። ገዢዎችም ሦስቱን ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ። ቤት ስትደርሱ ዓሣውን ከፌስታሉ አውጥታችሁ በቀጥታ ዕቃው ውስጥ አትጨምሩት፤ የቤታችሁን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያንጠባጠባችሁ ቀላቅሉለት። ሻጩ ስለ ውሃው መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ።